የመጠየቂያ ሰዓት

እኛ ቤት ግድግዳ ላይ፣ ከእመቤታችን ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ በካርቶን የተጻፈ ሕግ ነበር፦ «ጥያቄ ያለው ሥራ የለውም።» የጻፈው አባቴ ነው፤ የተጠቀምኩበት እኔ ነኝ። ዳፋው ለማን እንደተረፈ ለማወቅ ግን ብዙ ዓመት ፈጀብኝ።

አባቴ ይትባረክ ዐሥራ አንድ ዓመት መምህር ነበር። በአንድ ክፍል ሰማንያ ልጅ ያስተምራል። ከሰማንያው አንዱ እንኳ እጁን አውጥቶ «ለምን?» ሳይለው ዓመት እያለፈ ሲሄድ፣ አንድ ቀን ጠመኔውን አስቀምጦ ወጣ ይባላል። ይባላል የምለው ታሪኩን ራሱ በየጊዜው ስለሚለዋውጠው ነው፤ አንዳንዴ ጠመኔውን ይወረውረዋል፣ አንዳንዴ ለዘበኛው ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ መጻፍ ጀመረ፤ እኔንም ትምህርት ቤት አላስገባም አለ። «የኔ ልጅ በደወል አትማርም» ይላል፣ ለጠየቀውም ላልጠየቀውም። «የምትማረው በጥያቄዋ ነው። የጠየቀችውን እንመልስላታለን፤ ያልጠየቀችውን አንነግራትም።» ይህ ሁለተኛው ሕግ ካርቶን ላይ አልተጻፈም ነበር፤ ግን ከመጀመሪያው የበለጠ ይጠበቅ ነበር።

ሕጉ እንዲህ ነው የሚሠራው። ከእናቴ ጋር ከቦኖ ውሃ ቀድተን ስንመለስ፣ ትንሿ ጀሪካን እጄን መቁረጥ ስትጀምር፣ ቆም እልና «ጥያቄ አለኝ» እላለሁ። አለቀ። እናቴ ቦሰና ምንም ሳትል የኔንም ጀሪካን ታነሳለች፤ እኔ ወደ አባቴ እሮጣለሁ። ውርጭ ለምን ከድንጋዩ ይልቅ ሣሩ ላይ ይበረታል? በግ ፀጉሯን ሲሸልቷት ይበርዳታል ወይ? አባቴ የያዘውን ትቶ መነጽሩን ያደርጋል፣ ደብተር ያወጣል፣ «ደግ! ይህ ነው ጥያቄ!» ይላል። ከዚያ ሁለታችን ጓሮ ወጥተን ሣሩ ላይ እንንበረከካለን። ከኋላችን የእናቴ መጥረጊያ ይሰማል።

ዛሬ እኔም መምህር ነኝ፤ የተማሪ ብልጠት አይጠፋኝም። ግማሹ ጥያቄዬ ጥያቄ አልነበረም፣ ስንፍና ነበር። ድስት ማጠብ ሲመጣ ጥያቄ እንደ ሽንት ነበር የሚያጣድፈኝ። እናቴ ይህን ታውቅ እንደነበር አሁን ይገባኛል። አባቴ ግን አንድም ቀን አልጠረጠረም፤ ወይም መጠርጠር አልፈለገም።

ግቢያችን ውስጥ አንድ ክፍል ተከራይታ የምትኖር፣ ከአልዩ አምባ የመጣች ሁስና የምትባል በርበሬ ነጋዴ ነበረች። ካርቶኑን ባየችው ቁጥር ትስቃለች። «ጥያቄ ያለው ሥራ የለውም? ወላሂ፣ እኔ ቤት ቢሆን ሥራ የሌለው እራት የለውም!» ትላለች። እኔንም «ጠያቂዋ» ነበር የምትለኝ። እናቴ አብራት ትስቃለች፣ አባቴም ይስቃል፣ ካርቶኑም እንደተሰቀለ ይቆያል።

እውነቱን ለመናገር ብቸኛ ልጅ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ሰማያዊ ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ምሳ ዕቃቸውን እያንኳኩ በበራችን ያልፋሉ፤ እኔ በቆርቆሮው ቀዳዳ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥቼ ሱዚ የሚጫወቱ ሴቶች ልጆች አጠገብ ቆምኩ። «ስንተኛ ክፍል ነሽ?» አለችኝ አንዷ። «ክፍል የለኝም፤ በጥያቄ ነው የምማረው» አልኳት። ተያዩ። «ተራ ሞልቷል» አሉኝ። ሦስት ልጆች ብቻ ነበሩ። ቤት ተመልሼ ለአባቴ ስነግረው «እነሱ ናቸው የጎደለባቸው» አለኝ። አመንኩት፤ ሆዴ ግን እንደከፋው ቀረ።

ከአባቴ ሌላ በጥያቄዬ የሚደሰት አንድ ሰው ነበር፤ የእናቴ ታላቅ እህት፣ አንኮበር የምትኖረው አክስቴ ለተጊዮርጊስ። እትዬ ለተ ነው የምላት። ልጅ አልነበራትም። በየዓመቱ ባቄላ እሸት ሲደርስ በጆንያ ተሸክማ ትመጣለች፤ ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ «እስቲ፣ ዘንድሮ ምን ምን ጠየቅሽ?» ትለኛለች። ስነግራት እንባዋ እስኪመጣ ትስቃለች። ዘጠኝ ዓመት በሞላኝ ዓመት የባቄላው እሸት ደርሶ አለፈ፤ እትዬ ለተ አልመጣችም። ለምን አልመጣችም ብዬ አልጠየቅሁም።

በዚያው ዓመት በኅዳር፣ አባቴ ከአዲስ አበባ ያስመጣውን ቴርሞሜትር ይዘን ከእናቴ ጋር በማለዳ ደብረ ብርሃን ዳር ወዳለው በሬሳ ወንዝ ወረድን። እሷ የምትወርደው የበግ ፀጉር ልታጥብ ነው፤ አጥባ፣ በደጋን ነድፋ፣ ፈትላ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ታስረክባለች። እኛ የምንወርደው የውሃውን ቅዝቃዜ ልንለካ ነው። ዳር ዳሩን ስስ በረዶ ይዞት ነበር። እናቴ ቀሚሷን ወደ ላይ ሰብስባ ገባች። አባቴ ቴርሞሜትሩን በክር አስሮ ከእሷ ትንሽ ራቅ አድርጎ ነከረው፤ መቶ እስክቆጥር ጠበቅን።

«ሁለት!» ብዬ ጮህኩ። «እማዬ፣ ሁለት ዲግሪ ነው! ውሃው ሁለት ዲግሪ ነው!»

እናቴ ቀና አለች። እጇ እስከ ክርኗ ቀልቷል። «እሺ» አለችና ወደ ፀጉሩ ተመለሰች።

እኔ ደብተሬ ላይ «በሬሳ፣ ከጠዋቱ 12፡30፣ 2 ዲግሪ» ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ራሴን ዳበሰኝ። ያን ያህል ትልቅ ነገር አግኝተን እናቴ «እሺ» ብቻ ማለቷ አናደደኝ። ቤታችን ውስጥ ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሁለታችን የጥያቄ ወገን፣ እሷ የሥራ ወገን። እናቴ ጥያቄ የሌላት ሰው ናት ብዬ አምን ነበር። ደግሞም አባቴ ጠዋት ማመልከቻ ሊጽፍ ሲሄድ ከእሷ ጋር ብቻዬን ነው የምቀረው። ጥያቄ ከሌለው ሰው ጋር መዋል ከባድ ነበር። ወደኛ ወገን እንድትመጣ እመኝ ነበር፤ በዚያ ዓመት ከዚህ የበለጠ የተመኘሁት ነገር የለም።

ከዚያ በኋላ ነው ሐሙሶቹ የጀመሩት።

መጀመሪያው ሐሙስ እናቴ ረፋድ ላይ ታጠበች፣ የዐውደ ዓመት ቀሚሷን ለበሰች፣ ነጠላዋን አጣፋች፤ ከዚያም ከመደርደሪያው ላይ ሦስት እርከን ያላት ምሳ ዕቃ አውርዳ ምግብ ሞላችባት። የት ነው ስላት ጫማዋን እያጠለቀች «ልጠይቅ ሄጄ እመጣለሁ» አለችኝ።

ልጠይቅ! በቀዳዳው አየኋት። ምሳ ዕቃዋን ይዛ፣ ልጆቹ በሚሄዱበት መንገድ፣ እንደነሱ ፈጠን ፈጠን እያለች ሄደች። ልቤ በደስታ ሊወጣ ደረሰ። እናቴ ጥያቄ አላት!

አማርኛ እንዲህ ያለ ጉድ እንዳለው አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ሰው ሲታመም «ይጠየቃል»፤ ይህን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ያውቀዋል። እኛ ቤት ግን መጠየቅ አንድ ፍቺ ብቻ ነበረው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ደግሞም ልጅ የፈለገውን ነው የሚሰማው።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ሲመጣ ዘልዬ ጠየቅሁት። «አባዬ፣ እማዬ ምን ልትጠይቅ ነው የሄደችው?»

መነጽሩን አወለቀ። በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው፣ መልሶም አላደረገውም። «እሷን ብትጠይቂያት አይሻልም?» አለኝ።

በሌላውም ሐሙስ እናቴ ስትሄድ ሁስናን ጠየቅኋት። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ በርበሬ ትቀነጥስ ነበር። «እትዬ ሁስና፣ እማዬ ምን ልትጠይቅ ነው ሐሙስ ሐሙስ የምትሄደው?»

«ምን ልትጠይቅ?» ብላ እጇን አቆመች። አየችኝ፤ የአባቴንም በር አየች። «እኔ ምን አገባኝ፣ ልጄ። አባትሽ ያልነገረሽን እኔ አልነግርሽም። ሂጂ፣ ዐይንሽን እንዳታሺ ብቻ፣ በርበሬ ነው» ብላ ከፊቷ አራቀችኝ።

«ምን?» ነበር ያልኩት ሁለቱንም። «ማንን?» ብል ኖሮ አባቴ በገዛ ሕጉ ይያዝ ነበር፤ መመለስ ግድ ይሆንበት ነበር። ተማሪዎቼን ሰዋስው ሳስተምር እዚህች ቃል ላይ ስደርስ ድምፄ ይለወጣል፤ ምን እንደነካኝ ግን አያውቁም።

እናቴን የጠየቅኋት በሦስተኛው ሐሙስ ማግስት ነው። ፀጉር እየነደፈች ነበር፤ ፍንጥርጣሪው ቅንድቧ ላይ አርፏል። «እማዬ፣ እዚያ ስትሄጂ ምን ብለሽ ነው የምትጠይቂ?»

ደጋኑን አቆመች። «አለሽ ወይ፣ እላለሁ» አለችኝ።

«በቃ?»

«በቃ።»

«መልሱስ?»

«እስካሁን አለሁ ትለኛለች» አለችና ደጋኑን መታችው።

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፦ «የእማዬ ጥያቄ፦ አለሽ ወይ? መልስ፦ አለሁ።» አባቴ ትልልቅ ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው ይለኝ ነበር። ይህን ያህል አጭር ከሆነማ የእናቴ ጥያቄ ከኔ ሁሉ መብለጥ አለበት ብዬ ቀናሁባት።

አንድ ሐሙስ አመሻሽ፣ እራት ከበላን በኋላ፣ እኔ ከመጋረጃው ወዲህ መደቡ ላይ ተኝቼ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

«ዶክተሩን አገኘሽው?» አለ አባቴ።

«አገኘሁት።»

«ውጤቱስ?»

«መጥቷል። ጥሩ አይደለም፣ ይትባረክ።»

«ምን አለ?»

«ምን ይላል? ዘግይታችኋል አለ።»

እናቴ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሰማሁ። ለኔ ግን ከመጋረጃው ወዲህ ሁሉ ነገር ግልጽ ሆነልኝ። የዩኒቨርሲቲ ትልልቅ አስተማሪዎች ዶክተር እንደሚባሉ የነገረኝ አባቴ ነው። ጥያቄ፣ ምሳ ዕቃ፣ ዶክተር፣ ውጤት! እናቴ ከተማችን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች። ዘግይታ፣ በዚያ ዕድሜዋ። እናም ፈተና ወድቃለች።

የወደቀችበትን ምክንያት ለማወቅ አባቴን መጠየቅ አላስፈለገኝም። ውሃ የምትቀዳ እሷ፣ ኩበት የምትለቅም እሷ፣ ድስቱ የሷ፣ ፀጉሩ የሷ። መቼ ታጥና? ግድግዳ ላይ ያለው ሕግ ለኔ ብቻ ሲሠራ ለእሷ ሥራው እየጠበቃት ያድራል። ይህ በሕይወቴ ሳልሰንፍ ያሰብኩት የመጀመሪያው ሐሳብ ይመስለኛል። እናቴ እንድታልፍ ሥራዋን እኔ መሥራት አለብኝ።

በሚቀጥለው ሐሙስ እሷ ከወጣች በኋላ ቤቱን ጠረግሁ። በሌላው ሐሙስ ከቦኖ ውሃ ቀዳሁ፤ ትንሿን ጀሪካን አራት ጊዜ ተመላልሼ፣ መንገድ ላይ አንድም ጥያቄ ሳይመጣብኝ። እናቴ ስትመለስ በርሜሉን ከፍታ አየች፣ ግራ በተጋባ ዐይን አየችኝ፣ ግን አልጠየቀችኝም። በዚያ ሰሞን እጅግ ደክማ ነበር። ፊቷ ጠቁሯል። የፈተና ጥናት ነው ብዬ አዘንኩላት።

የመጨረሻው ሐሙስ ጥር ውስጥ ነው። አባቴ ወደ ጃንጥላው ሄዷል፣ ሁስና ገበያ ወጥታለች። እናቴ በማለዳ ወጣች፤ ከሌላው ጊዜ ቀደም ብላ። ጓሮ ያልታጠበ ፀጉር ሙሉ ጆንያ ቆሟል። ዛሬ ትልቁን ሥራ እሠራለሁ አልኩ። ሳፋውን አወጣሁ፣ ውጭ ካደረው ጀሪካን ውሃ ገለበጥሁ። በላዩ የተጋገረው ስስ በረዶ ተሰባብሮ ወረደ። እጄን ነከርኩ።

ወዲያው መዘዝኩት። መጀመሪያ የተቃጠልኩ መሰለኝ። ጣቶቼ ታመሙ፣ ከዚያ የኔ አልሆን አሉ። ቴርሞሜትሩን ሮጬ አመጣሁና ነከርኩት። ሁለት። ለካ ሁለት ማለት ይህ ነው። ደብተሬ ላይ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ አላውቀውም ነበር። በዚያች ደቂቃ ስለ እናቴ እጅ አስቤያለሁ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አላሰብኩም። ያሰብኩት ስለ ራሴ እጅ ነው።

መላው አልጠፋኝም። ኩበት አንድጄ ውሃውን አፈላሁት። በፈላ ውሃ፣ በሳሙና፣ ባለ በሌለ ኃይሌ ፀጉሩን አሸሁት፣ ደበደብኩት፣ እንደገና አሸሁት። የበግ ፀጉር በፈላ ውሃ እንደማይታሽ፣ ከታሸም እንደሚጣበቅ፣ ይህን የፈታይ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ እኔ ግን ስለ ፀጉር ጠይቄ አላውቅም። ፀጉሩ እየተሰበሰበ፣ እየተጠፈጠፈ ሄዶ በመጨረሻ አንድ ወፍራም ቁራጭ ሆኖ ደደረ። ብዘረጋው አልዘረጋ አለ። ቢሆንም ንጹሕ ነበር። አጥሩ ላይ አሰጣሁት።

እናቴ የመጣችው ገና እኩለ ቀን ሳይሆን ነው። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ ፊቷ ዙሪያ ነው። አባቴ ልጅ ለቅሶ ቤት አይሄድም ስለሚል ይህ ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ቸኩላ የለበሰችው መሰለኝ። ምሳ ዕቃዋ እንደሞላች ነበረች። አጥሩ ላይ ያለውን አየች።

«ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ። እንድታጠኚ ብዬ።»

«ምን እንዳጠና?»

«ፈተና አለብሽ አይደል? ሥራውን ሁሉ እኔ እሠራልሻለሁ። ጥያቄ ያለው ሥራ የለውም።»

ደጃፉ ላይ ቁጭ አለች፣ እጆቼን ሳበች፣ አገላብጣ አየቻቸው። አብጠው ቀልተዋል። ሁለቱንም ከነጠላዋ ሥር ብብቷ ውስጥ ከተተቻቸው።

«ዛሬስ መለሰችልሽ?» አልኳት።

«ዛሬስ አልመለሰችም።»

«ምንም?»

«አለሽ ወይ ብላት፣ ብላት…» አለችና መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። እጄ ብብቷ ውስጥ ስለነበር ለቅሶዋን ከመስማቴ በፊት በእጄ አወቅሁት።

አባቴ በበሩ ገባ። ሰው ልኮበት ይሁን ልቡ ነግሮት አላውቅም። ቆሞ አያት። እናቴ በራሴ ላይ አሻግራ አየችው።

«አለፈች፣ ይትባረክ» አለችው።

እኔ የሰማሁት አንድ ቃል ነው። አለፈች! ስለ ራሷ እንደ ሌላ ሰው ማውራቷ ትንሽ ገረመኝ፤ ግን ማለፍ ማለፍ ነው። እጆቼን ከብብቷ አውጥቼ አጨበጨብኩ። «አለፈች! አባዬ፣ እማዬ አለፈች!» እያልኩ ጓሮውን ዞርኩ። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ከሁለት አንዳቸው ቢቆጡኝ፣ ቢያንስ አንድ ጥፊ ቢያቀምሱኝ፣ ዛሬ ይህን ያህል ባልከበደኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እናቴና አባቴ በተከራዩት መኪና ወደ አንኮበር ሄዱ። እኔ ሁስና ዘንድ አደርኩ። ስለ ፀጉሩ ነገርኳት፤ ሄዳ አየችውና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አለች፣ ግን ሳቅ አልነበራትም። እንዲያውም አቅፋኝ ቆየች። በሦስተኛው ቀን አባቴ ብቻውን ተመለሰ። አልጋ ላይ አስቀመጠኝና «አክስትሽ ለተጊዮርጊስ ሞታለች» አለኝ። «ጥያቄ ካለሽ ጠይቂኝ።»

አለቀስኩ። ከዚያ «የት ተቀበረች?» አልኩት።

«አንኮበር።»

ሌላ አልጠየቅሁም። የት እንደሞተች አልጠየቅሁም፣ መቼ እንደታመመች አልጠየቅሁም፣ ማን እንዳስታመማት አልጠየቅሁም። እሱም አልነገረኝም። በማግስቱ ግድግዳው ላይ ካርቶኑ የነበረበት ቦታ ነጣ ብሎ አየሁ። በመስከረም ትምህርት ቤት ገባሁ፤ ሰማያዊ ዩኒፎርም ለበስኩ፣ ምሳ ዕቃ ያዝኩ። እናቴ ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የትም አትሄድም ነበር። ተመርቃለች ብዬ ደመደምኩ። ዲፕሎማዋን ለምን እንደማታሳየኝ ይገርመኝ ነበር፤ ዓመታት ሲያልፉ ነገሩ ሁሉ ከልጅነት ቅዠት ጋር ተቀላቅሎ ተረሳኝ።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ አብራኝ የምትማር ልጅ ታማ ሆስፒታል ተኛች። ሾርባ በምሳ ዕቃ ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ዘበኛው አስቆመኝ።

«ጠያቂ ነሽ?» አለኝ።

«አዎ፣ ጥያቄ አለኝ» አልኩት፣ አፌ ቀድሞ።

ሳቀ። «እሱን ለመምህርሽ። ማንን ነው የምትጠይቂ?»

ከራሱ በላይ ቆርቆሮ ላይ ተጽፏል፦ «የሕሙማን መጠየቂያ ሰዓት»፤ ከሥሩ ቀንና ሰዓት። ሐሙስ አለበት። ማንን ነው የምትጠይቂ ሲለኝ እጄ ላይ ያለውን ምሳ ዕቃ አየሁት። ዶክተሩን አገኘሽው? ውጤቱስ? ዘግይታችኋል አለ። አለፈች፣ ይትባረክ። እዚያው በሩ ላይ፣ ሰው በግራና በቀኝ እየገፋኝ ሲገባ፣ ያ ጓሮ ውስጥ ያጨበጨብኩት ጭብጨባ ጆሮዬ ላይ መጣ። ዘበኛው «አይዞሽ፣ ትድናለች» አለኝ።

በዚያው ሳምንት አባቴን ጃንጥላው ሥር አገኘሁት። «ለምን አልነገርከኝም?» አልኩት። ብዕሩን ከድኖ «አልጠየቅሽማ» አለኝ። ባለጉዳይ መጣ፣ አንድ ማመልከቻ ጻፈ፣ ባለጉዳዩ ሄደ። ከዚያ ቀና ሳይል «ፈርቼ ነው፣ ኤልሮኢ» አለኝ። «ሞት ምንድነው ብለሽ ብትጠይቂኝ የምመልሰው አልነበረኝም።» አባቴ ከሞተ ዘንድሮ ሦስት ዓመት ሆነው። እወደዋለሁ፤ በነፍሱ አልፈርድም። እናቴን ግን ያን ሁሉ ወር በገዛ ቤቷ ብቻዋን እንዳስቀመጥናት አውቃለሁ። እህቷ እየሞተች ነበር፤ ቤታችን በጥያቄ የተሞላ ሆኖ ሳለ «እንዴት ዋልሽ» የሚላት አልነበረም።

አሁን የማስተምረው አረርቲ ነው። ሙቀቱ ያፍናል፤ ቤቴ ሰው የለበትም፤ ማታ የምሰማው የፈተና ወረቀት ሲገላበጥ ነው። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ደብረ ብርሃን መጥቼ እናቴ ዘንድ አድራለሁ። ጣቶቿን ቁርጥማት አጣሟቸዋል፤ እንዝርት ከያዘች ቆይታለች። ውጭ ፀሐይ ላይ ስትቀመጥ ከሥሯ የምታነጥፈው አንድ ወፍራም፣ ዙሪያው የተንሻፈፈ የፀጉር ቁራጭ አለ። ከየት እንደመጣ ለማንም አትናገርም።

ባለፈው ቅዳሜ በር ላይ ስደርስ «ማነው?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ። ልጠይቅሽ መጣሁ።»

«እንግዲያ ጠይቂያ» አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም። እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ትጠብቀኛለች። ያን ጊዜ ገባኝ፤ በዕድሜዬ ሁሉ ያን ያህል ስጠይቅ ኖሬ፣ እናቴን ስለ ራሷ አንድ ነገር ጠይቄያት አላውቅም። ከአጠገቧ ተቀመጥኩ።

«እትዬ ለተ ሆስፒታል ሳለች ስለ እኔ ትጠይቅ ነበር?»

«ሌላ ምን ትጠይቅ ነበር! ገና ስገባ፣ ልጅቷ ሰሞኑን ምን ጠየቀች ነው። የሳምንቱን በሙሉ ይዤላት እሄድ ነበር። መንገድ ላይ እንዳልረሳው በጣቴ እየቆጠርኩ። ውርጩን ነገርኳት፣ የበጓን ነገርኳት። እህሉን አትቀምሰውም፤ ያንን ግን ድገሚልኝ ትለኝ ነበር። አንድ ቀንማ የወንዙን ስነግራት፣ ስቃ ስቃ ነርሷ መጥታ ተቆጣችን።»

እኔ በጥያቄዎቼ ያሸከምኳትን ሥራ ብቻ ነበር የማውቀው። ጥያቄዎቹን ራሳቸውን ተሸክማ እንደኖረች አላወቅሁም። ከመጥረጊያዋ ጀርባ ሁሉንም ትሰማ ነበር። እጇን ያዝኩት። የጠመመው ጣቷ መዳፌ ውስጥ አልዘረጋ አለ።

«እማዬ፣ ያኔ በሬሳ፣ በዚያ ማለዳ… ውሃው ይበርድሽ ነበር?»

እጇን አልነጠቀችኝም። ወደ ወንዙ በኩል አየች፤ ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ሁለት ዲግሪ ነው አላላችሁኝም?» አለችኝ።